የተጫረችው ሸክላ

ለምወድሽ እኅቴ ለሸዋዬ ሽበሺ፤
ናይሮቢ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ በገባ ቁጥር የሚይዝሽ የወገብ ሕመም ተወሽ ወይስ ዛሬም ትራሱን ከጀርባሽ አልለየሽም? ባለቤትሽ ኦሊያድስ እንዴት ነው፣ ሥራው ተቃናለት? የእኔ እመቤት ሄራንስ ጥርሷን ነቅላ ጨረሰች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ጉልበቷም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ስትነሣ አያማትም፤ ቀበሌ ስብሰባ ሲጠሯት ነው የሚብስባት። ባለቤቴ ሃሴትም ደህና ናት፣ ስምሽን ሳታነሣ አትውልም። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ የሐይቁ መንገድ ጭቃ ሆኗል እንጂ ሌላ የሚያስከፋ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሙህዲን ይባላል። አዲስ ከተማ ከራዲዮ መጠገኛዬ ጎን ጨርቅ የሚሸጥ፣ ሞያሌን እንደ ጓዳው የሚያውቅ ጨዋ ሰው ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ ካሴት አለ። አደራሽን፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ካሴቱን እንዳትከፍቺው። ቀድመሽ ከሰማሽው ታለቅሻለሽ፤ እኔ ደግሞ በመጀመሪያ እንድትስቂ ነው የምፈልገው። የጋሽ ታምሩን ብድር መለስኩ፣ እታለም። ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ መለስኩ።

የአባባን የሸክላ ሣጥን አልረሳሽውም መቼም። አስመራ ቃኘው ጣቢያ የአሜሪካኖቹን ልብስ ሲያጥብ፣ ወታደሮቹ አገራቸው ሲመለሱ አንዱ ሁለት፣ አንዱ ሦስት እየሰጡት ያጠራቀማቸው ናቸው። ሰው ከአስመራ ጋቢና ጫማ ይዞ ሲመጣ እሱ የሳሙና ሣጥን ሙሉ ሸክላ ተሸክሞ አዋሳ ገባ። ልብስ ያጥብበት የነበረውን ሆቴል አንሶላ ቤት አምጥቶ ሲተኩስ ጃዝ ያስከፍተን ነበር። ሳክስፎኑ ሲገባ ካውያውን አየር ላይ ይዞ ይቀራል፤ አንድ ጊዜ ሳክስፎኑ ረዘመና የሆቴሉ አንሶላ ተቃጠለ። ሮኩ የእሑድ ነበር። ጊታሩ ሲጮህ እማዬ ድስቱ ተንቀጠቀጠብኝ እያለች ትቆጣለች፣ እግሯ ግን ከቁጣዋ ጋር አይስማማም። ብሉዙን ለብቻው ነው የሚሰማው። እንግሊዝኛው ከሳሙናና ከሸሚዝ ባያልፍም፣ ሰውየው የሚለውን አሳምሮ ያውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ይናገራል፣ አልሰማ ሲሉት ያንኑ ይደግመዋል፣ የሚወጋህ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው ይለኝ ነበር።

አንዷን ሸክላ ደግሞ አንቺና እኔ መርፌውን ማን ያሳርፋል ብለን ስንጓተት ጫርናት። ከዚያ ወዲህ ሰውየው አንዱን መስመር ብሎ፣ ደግሞት፣ ሦስተኛውን ሊል ሲል ዘልላ ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች። አባባ በማግስቱ አምስት ሳንቲም ከመርፌው ክንድ አናት ላይ አስቀመጠባት፤ ክብደት ሲያገኝ መርፌው ረግጦ አለፈ። ብልሃቱን የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነበርን። ያን ቀን አለመገረፋችን ትዝ ይልሻል? ሸክላዋን ታቅፎ ጓዳ ገባና እስኪመሽ አልወጣም። ለምን እንዳልገረፈን እስከ ዘንድሮ አልገባኝም ነበር።

አባባ ሲሞት ድንኳኑ ውስጥ የሆነውን አንቺም አይተሻል፤ ቢሆንም ላስታውስሽ፣ ምክንያቱም አብረሽኝ እንድትናደጂ እፈልጋለሁ። የፊት ለፊት ጎረቤታችን ጋሽ ታምሩ፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተነሣና ለቅሶ ቤት ዘፈን አይሰማም፣ ልጆቹም እንዳይፈተኑ ሣጥኑ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ እኔ ጋ ይቀመጥ አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁት። እማዬ እያለቀሰች አመሰገነችው። ዓመቱ ወጥቶ ስንጠይቀው ግን አቀርቅሮ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ምስጥ በላው፣ ሽፋኑም ሸክላውም አንድ ላይ ተበላሽቶ ጣልኩት አለን። ምስጥ ሸክላ ይበላል ወይ ብዬ ልጠይቅ ስል እማዬ ቆነጠጠችኝ። ከእድር ሰው ጋር ተጣልተን ነገ ማን ይቀብረናል አለች። አንቺም ያን ዓመት ነው ወደ ናይሮቢ የሄድሽው።

አምና ጋሽ ታምሩ ግቢው ውስጥ ግሮሰሪ ከፈተ። አሮጌ ሸክላ የሚያጫውት ቤት ተብሎ ስሙ ወጣ፤ ከባህል አዳራሹ ማዶ ሳይቀር ሰው ይመጣለታል፣ ፈረንጆችም ጭምር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከአጥሩ ውስጥ ያ ሰውዬ መስመሩን አለ፣ ደገመ፣ ዘለለ። እንደገና አለ፣ ደገመ፣ ዘለለ። እግሬ ከመሬት ተሰፋ። ገባሁና ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሣጥኑ ከባንኮኒው ጀርባ ነበር። እያንዳንዱ ሽፋን ላይ አባባ ስሙን ይጽፍበት የነበረው ጥግ በመቀስ ተቆርጧል። ጋሽ ታምሩ ለእንግዶቹ እኔ በወጣትነቴ አስመራ ሳለሁ የሰበሰብኳቸው ናቸው ይላል። የእርሻ ጣቢያ ሹፌር የነበረ ሰው፣ አስመራን በካርታ እንኳ የማያውቅ! ሸክላውን ብቻ አልወሰደም፣ እታለም፤ አባባን እንደ ኮት ለበሰው። ይባስ ብሎ ያቺን የተጫረችውን በጣቱ ገፋ አድርጎ ካሳለፋት በኋላ፣ ይቺ ግን የምር የራሴ ናት አለና ሳቀ። ከሁሉ ያቃጠለኝ ያ ቃል ነው። ቢራዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እማዬ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም እያለች ብትመክረኝ፣ ሳል ይዞ የሰረቀስ እሱ ነው፣ ሸክላዋ ናት ያሳለችበት አልኳት። መጮህ እችል ነበር፤ ግን እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ጨዋ ሰው ያደረገውን እኔም እንደ ጨዋ ሰው ልመልስለት ፈለግሁ። ብድር በምድር ነው።

በታኅሣሥ እናቱ አረፉ። ዘጠና የሞላቸው፣ ደግ ባልቴት ነበሩ፤ ከልቤ አልቅሻለሁ፣ እሱን አትጠራጠሪ። በሁለተኛው ቀን ድንኳኑ ሙሉ ሳለ ተነሣሁ። ጋሽ ታምሩ ነጠላውን ዘቅዝቆ ተቀምጧል። አባቴ የሞተ ጊዜ ጋሽ ታምሩ የዋሉልንን ውለታ ሰፈሩ ያውቃል አልኩ። ለቅሶ ቤት ዘፈን አይሰማም፣ ልጆቹም እንዳይፈተኑ ሣጥኑ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ እኔ ጋ ይቀመጥ አልኩ። ቃል አልጨመርኩም፣ ቃል አልቀነስኩም። ሽማግሌዎቹ ተባረክ፣ የአባትህ ልጅ ነህ አሉኝ። ጋሽ ታምሩ ቀና ብሎ አየኝ። አፉ ተከፈተ፣ ግን በእናቱ ለቅሶ ላይ ሸክላዬን አልሰጥም የሚል ሰው የት አለ? ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ ጣቱ እንዴት እንደዘገየ ባየሽ። ማጫወቻው የራሱ ነበርና አልነካሁበትም። ከሙህዲን ጋር ሣጥኑን ተሸክመን በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ መንገዱን ተሻገርን።

ዓመቱን ሳይጠብቅ፣ በአርባው ማግስት ሁለት የእድር ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ግሮሰሪው ሊከፈት ነው፣ ሣጥኑን አለኝ። አቀረቀርኩና፣ ምን ብዬ ልንገርዎት ጋሽ ታምሩ፣ ምስጥ በላው አልኩት። አንደኛው ሽማግሌ አቶ ሙሴ ሳቃቸውን ሊውጡ ሲሉ ሳል ሆኖ ወጣባቸው፤ ያኔም ድንኳኑ ውስጥ ነበሩና ሁሉም ትዝ አላቸው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ብለው ቆባቸውን አነሡ። ጋሽ ታምሩ ባዶ እጁን መንገዱን ተሻግሮ ተመለሰ። ያን ቀን ሃሴት ምሳ አቅርባልኝ ደስታው አላስበላኝ አለ።

አሁን ግን የማልወደውን ልንገርሽ። የአባባን አሮጌ ማጫወቻ ጠግኜ ሸክላዎቹን ስጠርግ፣ ከተጫረችው ሸክላ የውስጥ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፈ የአባባን ጽሕፈት አገኘሁ። እንዲህ ይላል፦ የታምሩ ናት። አዲስ አበባ ገዝቶ ያመጣት፣ ለአንድ ሳምንት ብዬ የተዋስኳት። ልጆቹ ጫሯት። እንዲህ ሆና በምን ፊቴ እመልሳታለሁ።

የራሴ ናት ያለው እውነቱን ነበር፣ እታለም። ከዋሸው ሁሉ መካከል ያቺ አንዲት ቃል እውነት ነበረች፣ እኔም ይበልጥ የጠላሁት በእሷ ነው። ምናልባት ያኔ ድንኳኑ ውስጥ የተነሣው አንዷን ሸክላውን ፍለጋ ይሆናል፤ አንዷን ፍለጋ ገብቶ ሠላሳ ሰባቱን ይዞ ቀረ። ሦስት ቀን ወረቀቱን ለመቅደድ አስቤ ነበር። ለእማዬ አነበብኩላትና የሰው ይመለስ አለች።

መለስኳት። ግን በድብቅ አይደለም። በእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ቆሜ የአባባን ወረቀት ለሁሉም አነበብኩ። ፊቴ እየነደደ አነበብኩት። ከዚያ ሸክላዋን በሁለት እጄ አቀረብኩለትና፣ አባቴ የእርስዎን አንድ ሸክላ ይዞ እስኪሞት ድረስ አፈረ፤ እርስዎ የአባቴን ሠላሳ ሰባት ይዘው ዘጠኝ ዓመት አላፈሩም አልኩት። ጋሽ ታምሩ ተቀበላት፣ በነጠላው ጫፍ ጠረጋት። አዘንክለት ወይ ብትዪኝ፣ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ።

አሁን ግሮሰሪው ውስጥ ያለችው ሸክላ እሷ ብቻ ናት። ከሰዓት በኋላ ከፍቶ ይለቃታል። ሰውየው ይላል፣ ይደግማል፣ ትዘልላለች። ጋሽ ታምሩ ከባንኮኒው እየተነሣ በጣቱ ይገፋታል፤ ሲገፋት ሁልጊዜ ሦስተኛውን መስመር አልፋ ታርፋለች። እኛ ከጫርናት ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የራሱን ሸክላ ጨርሶ ሰምቷት አያውቅም ማለት ነው። እማዬ አንድ ነገር እንዳለ ጠርጥራለች፣ ብልሃቱን ካወቅህ ንገረው፣ ሽማግሌ ነው እያለች ትጨቀጭቀኛለች። እኔም አንዳንድ ቀን ልቤ ሊራራ ሲል አይቼዋለሁ። ስለዚህ የአባባን አምስት ሳንቲም በወረቀት ጠቅልዬ ከካሴቱ ጋር ልኬልሻለሁ። ሌላ ሳንቲምም ይሠራል፣ አውቃለሁ፤ ግን ያቺ እጄ ላይ ካለች አንድ ቀን መንገዱን ተሻግሬ የምነግረው ይመስለኛል። አርቀሽ አስቀምጭልኝ። ሸክላዋን ከመመለሴ በፊት ሳንቲሟን አድርጌባት ካሴቱ ላይ ቀድቻታለሁና፣ አንቺ ሦስተኛውን መስመር ትሰሚዋለሽ። ኦሊያድ እንግሊዝኛ ያውቃልና ምን እንደሚል ይተርጉምልሽና ጻፊልኝ፤ አባባን የሚወጋው ምን እንደነበረ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ለኦሊያድ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ሄራንን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፣ ሳንቲሟን ግን ለመጫወቻ እንዳትሰጫት። እማዬ በየቀኑ በጸሎቷ ታነሣችኋለች፣ ሃሴት በርበሬ ለሙህዲን ሰጥታዋለች። አቶ ሙሴም ሰላም በይልኝ ብለዋል። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ይህን ሰላምታ ጽፌ እስክጨርስ ሸክላዋ አራት ጊዜ ዘልላለች።

ወንድምሽ
መክብብ ሽበሺ
አዋሳ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1995 ዓ.ም.