የሲፈን የጡት እናት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4፣ ጠዋት
ልጄ ኢምራን ጠብቶ ተኛ። ሆዴ ዛሬ ይሻላል። ሳምንቱን ሙሉ ተቅማጥ ሲያመላልሰኝ ከረመ፤ ሰፈሩን ሁሉ ይዞታል፣ ከውሃው ነው ይላሉ። እሱ ግን ምንም አልሆነ፣ አልሐምዱሊላህ።
የማስተምርበት ት/ቤት ተዘግቷል። ተማሪዎቹ የገበሬውን መሬት ይወስዳል የሚሉትን ማስተር ፕላን ተቃውመው ሰልፍ ወጥተዋል። የአምቦ መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል። ከሩቅ ተኩስ። ባሌ ጀማል ሱቁን ገርበብ አድርጎ ይሸጣል።

ማክሰኞ፣ 5፣ ከሰዓት
ደብተሬ፣ ምን እንደ ሆነ ልንገርሽ። ከቤታችን ኋላ የሚኖሩት ገበሬ ኦቦ ቶሌራ የልጅ ልጃቸውን ሲፈንን በጋቢ ጠቅልለው መጡ። እናቷ ጫልቱ እሁድ ለቀብር ሆለታ ሄዳ ነበር። ሕፃን ለቅሶ ቤት አይወሰድም ብላ ትታት ሄደች፤ መንገዱ ተዘጋባት። ስልክ አይሠራም። የላም ወተት በማንኪያ ቢሰጧት ታስመልሳለች። ማልቀሻ ድምፅ እንኳ የላትም።
«ማሎ፣ እባክሽ የኔ ልጅ፣ አጥቢያት» አሉኝ።
እጄን ስዘረጋ አማቴ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ገና ከሕመምሽ ሳትነሺ ለሰው ልጅ በሽታ ልትሰጪ ነው? አሉኝ።
«እማ፣ የምሰጣት መከላከያውን ነው። አንጀቴ በሽታውን ሲያውቀው በሽታውን የሚዋጋ አንቲቦዲ የሚሠሩ ሴሎች ያወጣል። ሴሎቹ እዚያው አይቀሩም፤ ጡቴም ይደርሳሉ።»
«አንጀትን ከጡት ምን አገናኘው?»
«ደም። በደም ይጓዛሉ። እኛም እነሱም የምንጠጣው አንድ ውሃ ነው፤ ለኢምራን የደረሰው ለሷም ይደርሳል።» በእርግዝናዬ የተመረመርኩት ደምም ንጹሕ እንደ ነበር አስታወስኳቸው።
ሌላም ነገር ነበራቸው። በሃይማኖታችን ከጠባች የኢምራን እህት ናት፤ መቼም አይጋቡም። እናቷ ሳታውቅ ይሄ ይደረጋል?
ወጥቼ ይህንኑ ለኦቦ ቶሌራ ነገርኳቸው። ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩ።
«እህትነት ይጎዳል እንዴ?» አሉ።
አጠባኋት። መጀመሪያ ጡቱን መያዝ አቃታት። ከዚያ ያዘች። አማቴ ትራስ አምጥተው ከክንዴ ሥር አደረጉልኝ።

ረቡዕ፣ 6
ሲፈን አላስመለሰችም! ሽንቷ መጣ፤ ጨርቋ ሲርስ እልል ልል ነበር። ኢምራን ቀናተኛ ሆኗል፣ እሷን ስይዝ ያለቅሳል። ወገቤ ተቆረጠ። አማቴ አጥሚት በላይ በላዩ ያጠጡኛል። ውጭ ጭስ ይታያል፣ የሰው ልጅ ስንቱ ይሞት ይሆን? ሳስበው ያስለቅሰኛል። ደግሞ ሁለቱን ግራና ቀኝ አስተኝቼ ሳያቸው ፈገግ እላለሁ። ጀማል መንታ ወለድሽ ብሎ ይስቅብኛል።

አርብ፣ 8፣ አመሻሽ
ጫልቱ መጣች! በገፈርሳ በኩል፣ አብዛኛውን በእግሯ። እግሯ ቆስሏል፣ ቀሚሷ ደረቱ ላይ በወተት ርሷል። ልጇን ነጥቃኝ አጠባች። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ በኦሮምኛም በአማርኛም መረቀችኝ። የእህትነቱን ነገር እየፈራሁ ነገርኳት። ታዲያ ኢምራንም የኔ ነዋ፣ አለች።
የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ነው። ት/ቤቱ ሲከፈት ለኢምራን የጣሳ ወተት ላስለምደው አስቤ ነበር። ጫልቱ ስትሰማ ተቆጣች። እኔ እያለሁ? አለች። የእኔ አንጀት ያላወቀውን በሽታ የእሷ አውቆት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አማቴን ዞሬ አየኋቸው።
«ምን ታዪኛለሽ፤ ተዋለዳችሁ እኮ» አሉ።
ወሰንኩ። ሥራ ስገባ ኢምራን ጫልቱ ጋ ይውላል።