«በራሳቸው ፈቃድ» የሚለው ከእህቴ መዝገብ ላይ እንዲነሳ

ለመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኅዳር 12

ጉዳዩ፦ «በራሳቸው ፈቃድ ለቀዋል» ተብሎ የተዘጋው የሟች እህቴ መዝገብ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች የመሥሪያ ቤትዎ የአገልግሎት ማሻሻያ ዘርፍ ምክትል ኃላፊ የነበረችው ሟች ታናሽ ወንድም ነኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስሆን ይህን ለማቅረብ ከትምህርት ቤት አስፈቅጃለሁ።

2. እህቴ ሆስፒታል አሥራ ሰባት ቀን ተኝታ ጥቅምት 3 ቀን አረፈች። ከወር በኋላ ከመሥሪያ ቤትዎ የደረሰን ደብዳቤ «ከኃላፊነታቸው በራሳቸው ፈቃድ የለቀቁ በመሆኑ» ይላል። ላበረከቱት አስተዋጽኦ ያመሰግናል፤ ወደፊትም መልካም የሥራ ዘመን ይመኝላቸዋል።

3. እናታችን ያቺን መስመር ሁለት ጊዜ አንብባ «ፈቅዳ ነው እንዴ ጥላኝ የሄደችው?» ስትል ጠየቀችኝ። የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው ብዬ ባስረዳትም ሊያጽናናት የመጣውን ሰው ሁሉ ደብዳቤውን እያስነበበች ትጠይቃለች። እኔ ሆስፒታል አጠገቧ ስለነበርኩ ፈቅዳ እንዳልሆነ መመስከር እችላለሁ። ሐኪሙ በገባ ቁጥር ሥራ የምትገባበትን ቀን ትጠይቀው ነበር።

4. ጉዳዩን ይዤ ሰው ሀብት ክፍል ቀረብኩ። ባለሙያዋ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙራ የስንብት ቅጹን አሳየችኝ። ያሉት ምርጫዎች አራት ናቸው፦ ጡረታ፣ ዝውውር፣ በራስ ፈቃድ፣ በዲሲፕሊን። «የኔ ወንድም፣ ሲስተሙ ሞትን አያውቅም። ባዶ ብተወው አይዘጋልኝም። ታዲያ በዲሲፕሊን ልበላት?» አለችኝ። ቅጹን ማሻሻል የሚችለው የአገልግሎት ማሻሻያ ዘርፍ ምክትል ኃላፊ ብቻ እንደሆነ፣ ቦታው ግን ምክትል ኃላፊዋ በራሳቸው ፈቃድ ስለለቀቁ ክፍት መሆኑን ጨምራ ነገረችኝ። ይህን ስትል ድምጿ ቀነሰ። አብረው ምሳ ይበሉ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

5. አቤቱታዬ የተሟላ እንዲሆን የሚከተለውን መግለጽ አለብኝ። ማንኛውም ቅጽ ከአንድ ገጽ አይበልጥም የሚለውን ደንብ ያወጣችው እህቴ ናት። አምና ይህን ቅጽ ቤት አምጥታ ስታርም እኔ ከጎኗ የሂሳብ የቤት ሥራ እሠራ ነበር። ያኔ ምርጫዎቹ አምስት ስለነበሩ ቅጹ በአንድ መስመር ተርፎ ሁለተኛ ገጽ ገባ። «አለቃ፣ አንዱ መውጣት አለበት። የቱ ይውጣ?» አለችኝ። አለቃ የምትለኝ ስለምከራከራት ነው። እኔም «ሞት ይውጣ፤ የሞተ ሰው ቅጽ አይሞላም» አልኩ። ሳቀችና ሰረዘችው። ስለዚህ ጥፋቱ የባለሙያዋም የእህቴም አይደለም። እናቴ ይህን አታውቅም።

6. በመሆኑም «በሞት» የሚለው ምርጫ ወደ ቅጹ እንዲመለስ፣ የእህቴ መዝገብም በእርሱ እንዲዘጋና ለእናቴ አዲስ ደብዳቤ እንዲጻፍላት በትሕትና አመለክታለሁ። ደብዳቤው ተራ ቁጥር 5ን ባይጠቅስ ደስ ይለኛል። የእህቴን ደንብ ማፍረስም አያስፈልግም። ከቅጹ አናት ላይ ያለው የመሥሪያ ቤቱ አርማ መጠኑ ትንሽ ቢቀነስ አምስተኛው መስመር እዚያው ገጽ ላይ ይገባል። ባለሙያዋ አትማ የሰጠችኝን ቅጽ በማስመሪያ ለክቼዋለሁ።

አባሪ፦ የሞት ምስክር ወረቀት፣ አንድ ገጽ

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር መልስዎን እጠብቃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።

(ፊርማ)
የሟች ታናሽ ወንድም