ሳይፈቀድ እልል ያስባለን ክላክስ፦ ለጋራዡ ባለቤት ለአቶ ያሬድ

ክቡር አቶ ያሬድ፣ በወልድያ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የሚገኘው ጋራዥ ባለቤትና ዋና መካኒክ፤

እንዴት ሰንብተዋል? ቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ወገብዎ ደህና ነው ወይ? ስልክ የሚያነሳው እጅዎስ እንዴት አደረ? እኔ ደጋግሜ ስደውል ስለማይነሳ፣ ሰውዬውን ክንዱን አሞት ይሆናል ብዬ ሰግቼ ስለት ልሳልልዎ ምንም አልቀረኝም። ይህን ደብዳቤ ፌስቡክ ላይ ያወጣሁት እርስዎን ለማዋረድ አይደለም። ጋራዥዎ ስመጣ «ወጥቷል» እየተባልኩ፣ ጫማዎ ከመኪና ስር እየታየኝ ስለምመለስ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ፣ ምንም እንኳን ከመርሳ እስከ ሐራ እኔን የማያውቅ ባይኖርም። ልዑል ነኝ፣ የባጃጅ ሹፌር። ትምህርቱን ከአምስተኛ ክፍል ትቼዋለሁ፤ መሪ ላይ ግን ማንም አያስተምረኝም። ዳገት ላይ እኔን የቀደመ ባጃጅ የለም፤ አለ የሚል ካለ ይምጣ። መርሳ ውስጥ መካኒክ ሞልቶ ሳለ «የኔን ባጃጅ ወልድያ ካልሆነ ማንም አይነካትም» ብዬ ጓደኞቼ ላይ ጉራዬን ነፍቼ ወደ እርስዎ ያመጣኋትም እኔው ነኝ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ቅሬታዬን በትህትና፣ በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

፩ኛ። የመጣሁት የፍሬን መብራት ጠፍቶብኝ፣ ትራፊክ እንዳይዘኝ ብዬ ነበር። «ነገ ና» አሉኝ። በነገው ስመጣም «ነገ» አሉኝ፤ ቃልዎን የማይለውጡ ሰው መሆንዎን በዚሁ አወቅሁ። አንድ ቀን ከበርዎ ፊት ቆሜ ደወልኩልዎ። ያን ቀን አነሱት፣ እግዜር ይስጥልኝ። «አሁን እጃችን እሷው ላይ ነው» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ሰራተኞችዎ የኋላ ወንበሯ ላይ ትሪ ዘርግተው ሽሮ እየበሉባት ነበር። ባጃጄ ምግብ ቤትም መሆን እንደምትችል ስላሳዩኝ ውለታዎን አልረሳም።

፪ኛ። ቁልፉን ሲሰጡኝ «ቴስት አድርገናታል፣ አውሮፕላን ሆናለች» አሉኝ። ለብቻዬ እስከ መርሳ ስነዳት እውነትም ኮሽ አላለችም። ለካ የፍሬን መብራቱን ሽቦ ከክላክሱ ሽቦ ጋር አጠላልፈው ከኋላ ወንበሩ ስር ወሽቀውታል። ባዶ ስትሆን ሽቦዎቹ አይነካኩም። ሰው ሲቀመጥባት ግን ወንበሩ ይጫናቸውና ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ክላክሱ ይጮሃል። ይህን ያወቅሁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ወንበሩን ፈትቼ ነው።

እና መጀመሪያ የተቀመጡባት እነማን መሰሉዎት? ሽማግሌዎቼ ናቸው። ሲሪንቃ ሄደው የአቶ ፈንታውን ልጅ ሂሩትን እንዲጠይቁልኝ የለመንኳቸው አጎቴ ጋሽ ደምሴና ጎረቤታችን ሀጂ ዛኪር፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ተኮፍሰው ተቀመጡባት።

ክቡርነትዎ የወሎ ሰው ነዎትና የሽማግሌን ወግ አላስተምርዎትም። ሽማግሌ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሄደው። ደጅ ቆሞ ይለምናል፤ ነገሩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ እህል አይቀምስም። ክላክስ የሚነፋው ልጅቱ ከተሰጠች በኋላ፣ በሰርጉ ቀን ነው። ሳይጠይቁ እየነፉ መምጣት ማለት ለአባትየው «ልጅህን ወስደናል፣ አንተን መጠየቁ ለይስሙላ ነው» ማለት ነው።

እኛ ከመርሳ ጀምረን እየነፋን ሄድን። ጉድጓድ ሲመጣ ፍሬን፣ ክላክስ። ላም መንገድ ስትገባ ፍሬን፣ ክላክስ። ጋሽ ደምሴ «አንተ ልጅ፣ ጡሩምባውን ተወው እንጂ» ይሉኛል። «ጋሼ፣ እኔ አልነካሁትም» እላለሁ። ሀጂ ዛኪር «ወላሂ ይሄ ልጅ ቸኩሏል፣ እኛን ሳይጠብቅ ሊያገባ ነው» እያሉ ይስቃሉ። መንገድ ዳር አቁሜ አወረድኳቸውና ወደፊት ነድቼ ፍሬን ያዝኩ። ሰው የለባትማ፣ ዝም አለች። «ይኸው፣ ተሻላት» ብዬ መልሼ ጫንኳቸው። ጮኸች።

ሀሳቤ አስፋልቱ ዳር አውርጄያቸው መደበቅ ነበር፣ አግቢው ራሱ አይታይምና። የጋሽ ደምሴ ጉልበት አላስኬድ ስላላቸው እስከ አጥሩ ልውሰዳቸው አልኩ። መንገዱ ቁልቁለት ነው። ፍሬኑን ሳልለቅ ወረድኩ፣ ክላክሱም ሳይቋረጥ ነፋ። የሰፈሩ ሴቶች ሰርግ መጣ ብለው ወጥተው እልልታውን አቀለጡት። አንዷማ «የፈንታው ልጅ ተዳረች፣ ኑ ውጡ» እያለች ጎረቤት ትጠራለች። አቶ ፈንታው በረት ሲጠርጉ ነበር መሰለኝ፣ መጥረጊያ እንደያዙ ወጡ። እኔ የጎኑን ሸራ ዘግቼ ከመሪው ስር አጎነበስኩ። እኔ፣ ልዑል፣ ለማንም አንገቴን ሰብሬ የማላውቀው።

«ማን ሰጥቷችሁ ነው የምትጨፍሩት?» ሲሉ ሰማሁ። ጋሽ ደምሴ ለአስታራቂነት ከራያ ድረስ የሚጠሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን «እ... ባጃጁ ነው» ብቻ አሉ።

፫ኛ። ይህኛው ስለ እኔ አይደለም።

ሂሩት ነገሩን ታውቃለች፣ እኔና እሷ ተነጋግረን ጨርሰናል። ወጉ ግን ልጅቱ ምንም እንዳልሰማች ሆና ጓዳ መቀመጥ ነው። እልልታውን ስትሰማ አባቷ እሺ ያሉ መሰላት። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፈገግ ብላ ብቅ አለች፤ በአባቷ፣ በሽማግሌዎቹ፣ በመላው ሰፈር ፊት። አባቷ ዞረው አዩዋት። አልተቆጡም። ዝቅ ባለ ድምፅ «ግቢ» ብቻ አሏት። ያ ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዴት እንደጠፋ በሸራው ቀዳዳ አይቻለሁ።

እኔ ወንድ ነኝ። መርሳ ተራ ላይ ስደርስ ጓደኞቼ «ሙሽራው መጣ፣ እልል በሉለት» ሲሉኝ፣ ተሳፋሪ ሳልጭን ዞሬ እሄዳለሁ፣ እችለዋለሁ። እሷን ግን ወፍጮ ቤት ስትሄድ ሴቶቹ «ቸኩለሽ ወጣሽ አሉ» ይሏታል። ስልኬን አታነሳም። በእህቷ በኩል የላከችብኝ «አባቴን አሳፈርኩት» የሚል ቃል ብቻ ነው። አሳፈርኩት የምትለው እሷ ናት። እሷ ሽቦ ነክታ አታውቅም፣ አቶ ያሬድ።

አቶ ፈንታው ጨዋ ሰው ናቸው፣ በሩን ጨርሰው አልዘጉብኝም። ሽማግሌዎቹን «ሆን ተብሎ ካልሆነ፣ ያንን ጡሩምባ የሰራው ሰው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይምጣና እኔ ነኝ ይበለኝ። ካልመጣ ልጁ ንቆኛል፤ ሁለተኛ ደጄን አትርገጡ» ብለዋቸዋል። ይህንኑ ይዤ ሮጬ ስመጣ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? «እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፣ መካኒክ ነኝ» አሉኝ። ሽማግሌ አለመሆንዎን አምኛለሁ። መካኒክ መሆንዎን ግን ሲሪንቃ ሰው ፊት ቆሜ ለመመስከር አልደፍርም። ቀጥለውም «ክላክሱ ይሰራል አይደል? ታዲያ ምን ጎደለህ?» ብለው መኪና ስር ገቡ።

የጎደለኝን ልንገርዎት። ካሳ አልፈልግም፤ ባጃጇንም እኔው አስተካክያታለሁ። እሁድ አቶ ፈንታው ደጅ ቆመው «ሽቦውን ያጠላለፍኩት እኔ ነኝ፣ ልጆቹ ምንም አላጠፉም» እንዲሉልኝ ብቻ ነው። ጮክ ብለው ይበሉት፤ ጓዳ ድረስ እንዲሰማ። ደንበኛ ይሸሸኛል ብለው ከፈሩ፣ ሲሪንቃ ውስጥ ስምዎን ያልሰማ ስለሌለ የሚጨመር ነገር የለም። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። አሁን ግን ጉራዬን መናኸሪያው በር ላይ አራግፌ፣ እጄን አጣምሬ እለምንዎታለሁ።

ለሰጡኝ አገልግሎት፣ ለሰራተኞችዎ ምሳ ቤት በመሆኔ፣ እንዲሁም ሙሽራ ሳልሆን እልልታ ስላሰሙኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

የማይዘነጋዎት ደንበኛዎ
ልዑል፣ የባጃጅ ሹፌር፣ መርሳ

ማሳሰቢያ፦ እሁድ ሲመጡ እባክዎ በጋራዥዎ የተጠገነ መኪና ይዘው እንዳይነሱ። ቅዳሴው ሳይወጣ እንዲደርሱ እንፈልጋለን። ሽማግሌዎቼም ለጥንቃቄ ሲሉ በእግራቸው ነው የሚሄዱት።