ከሰማይ ለምትላከው ፀሐይ «ተቀባይ» ስለ መሆናችን

ለተከበሩ የሰማይ ፀሐይ ኃይል ፕሮጀክት የቆቦ ማስተባበሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ የቆላው ሙቀት ሳይነካዎት፣ የቢሮዎ ቬንትሌተርም ሳይቆም በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሮቢት በታች በጎሊና ወንዝ ዳር የምንኖር ገበሬዎች፣ በማሳችን ላይ ካስተከሏቸው ቀያይ ችካሎች በስተቀር፣ ደህና ነን።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። ባለፈው ጥቅምት ሰብስበውን፣ ከደመና በላይ ፀሐይ በማትጠልቅበት ቦታ ትልቅ የኃይል ማመንጫ እንደሚንሳፈፍ፣ የሰበሰበውንም ኃይል በማይታይ ጨረር ወደ ሜዳችን እንደሚልክ ሲያስረዱን፣ በራያ ቆላ ፀሐይ ያነሰው ሰው ይኖራል ብለው በማሰብዎ ልባችን ተነክቷል።

፩. በዚያ ስብሰባ ተቀባዮቹ እኛ መሆናችንን ነግረውን ነበር። በእኛ ዘንድ ተቀባይ ማለት እጁን ዘርግቶ የሚወስድ ነውና፣ መብራት ልንቀበል መስሎን ሁላችንም ፈረምን፤ መጻፍ የማንችለውም አውራ ጣታችንን ቀለም ነከርን። ኋላ የጎረቤቴ ልጅ መምህርት እፀገነት ወረቀቱን ስታነብልን፣ ተቀባይ የተባለው ጨረሩ የሚያርፍበት መሬታችን ሆኖ ተገኘ። መብራቱማ በላያችን በሽቦ አልፎ ሌላ አገር ይሄዳል። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ይህችኑ ላም ሳይሆን አይቀርም፤ ግጦሿ የእኛ ማሳ መሆኑን ግን አልነገሩንም።

፪. ጨረሩ ሰውንም ከብትንም አይጎዳም ብለውናል። እኛም አምነን ነበር። ሆኖም ጎርፍ ሲወርድ ለየማሳው ተራ የሚያወጣው የውሃ አባታችን ሙህሲን፣ የማይጎዳ ከሆነ በችካሎቹ ዙሪያ የሚታጠረው አጥር ለምን እንዳስፈለገ በትሕትና ቢጠይቅ፣ ባለሙያዎ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከመኪናው አልወረዱም። የእኔ ቤት ከአጥሩ አርባ እርምጃ ወደ ውስጥ ነው።

፫. ከሁሉ የከበደኝ ባለፈው ሳምንት በራፌ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። ጨረሩ እስከሚሞከርበት እስከ ግንቦት ሠላሳ ያልለቀቀ ሰው «በራሱ ፈቃድ ተቀባይ እንደሆነ ይቆጠራል» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስነብቤያታለሁ፤ እፈራታለሁ። ሃያ ሁለት ክረምት ማሽላ ባበቀልኩበት መሬት ላይ ቆሜ ምን እንደምቀበል የነገረኝ የለም። እስከ ዛሬ ከሰማይ የተቀበልነው ዝናብና ቁጣ ነው፤ ሁለቱም ፊርማ አልጠየቁንም።

አልለቅም። ስለዚህ በሙከራው ቀን ከነቤተሰብዎ ቤቴ ተገኝተው ምሳ እንዲበሉልኝ በታላቅ አክብሮት እጋብዝዎታለሁ።

ላደረጉልን ሁሉ፣ ይልቁንም ገና ላላደረሱብን ለሚመጣው፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ወሰንየለሽ ጌታሁን
(ስሜ ነው እንጂ መሬቴስ ወሰን አለው)
ሚያዝያ 2007 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጨረሩ የሚያነጣጥረው በመካከለኛው ረጅም ችካል ላይ እንደሆነ ነግረውን ነበር። ይኸው ችካል ሰሞኑን በበልጉ ጎርፍ ተነቀለ። ንብረትዎ እንዳይጠፋ ሙህሲን አውጥቶ፣ በባጃጅ ቆቦ ድረስ አምጥቶ፣ ከቢሮዎ መስኮት ሥር አጥብቆ ተክሎታል። ላይ ያሉት ሰዎች የሚያዩት ካርታውን ይሁን ችካሉን እኛ አላዋቂዎቹ አናውቅም፤ እርስዎ ግን ከግንቦት ሠላሳ በፊት ቢጠይቁ ይበጅዎታል።