በጨረታ የማይሆን ወንበር

ለታላቅ እህቴ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ። በስልክ ብልሽም አልበቃኝም። ወገብሽ እንዴት ነው? ሕፃኑስ ጡት ያዘልሽ? እኛ ሰበታ ደህና ነን።  ስደውልልሽ አባባ ከአጠገቤ አይጠፉም፣ ድምፁን ከፍ አድርጊው ይሉኛል። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ ፎቶውን ልኬልሻለሁ።

ነገሩ የትኬቱ ነው። ቡራዩ ትኬት ቢሮ የከፈተችው የክፍል ጓደኛዬ ስንዱ ሦስት ሳምንት ስትፈልግ ከርማ የቢዝነስ ክላስ ቅናሽ አገኘችልን። አባባ ማክሰኞ ተነስተው፣ መንገድ ላይ አንዴ አውሮፕላን ቀይረው ሜልቦርን አንቺ ጋ ይገባሉ። ዋጋው በግማሽ ወርዷል፣ የሚቆየው ግን እስከ ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ብቻ ነው።

አንቺ ትናንት፣ አባባ ሚኒስትር ሆኑ ወይ፣ ተራውን ትኬት ገዝተን አየር መንገዱ ለሚያጫርተው የተሻለ ወንበር ጨረታ እናስገባ፣ ከደረሳቸው ደረሳቸው አልሽ። ሰምተውሻል። ስቀው፣ ጨረታ እኔ የማውቀው የመሬት ነው፣ ወንበርም በጨረታ ሆነ እንዴ አሉ። ስልኩ ሲዘጋ ግን፣ ልጁ ሲያድግ ራሱ ይምጣ፣ እኔ አልሄድም ብለው ፓስፖርቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ያን ጊዜ ተናደድኩብሽ፣ አሁንም አልወጣልኝም። የጨረታው ውጤት የሚታወቀው በረራው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ብላኛለች ስንዱ። ባይደርሳቸውስ? መሃል ወንበር ላይ፣ ግራና ቀኝ ሰው ተቀምጦ፣ ያን ሁሉ ሰዓት?

አባባን አንቺ የምታውቂያቸው ከጅማ ሰበታ ከመሪ ላይ ሳይወርዱ ሲነዱ ነው። ኦቦ ሊቤ ብረት ናቸው ሲባል ሰምተን አድገናል። ባለፈው ወር ስንዱ ጋ ይዣቸው ስሄድ፣ አየር ጤና ሳንደርስ ሁለቴ ወራጅ አለ አሉ። ሁለቴም ታክሲው ጥሎን ሄደ። ሲያስቀድሱ የሚቆሙት በሩ ጋ ሆኗል። የዕድር ስብሰባ ትተዋል። በዚህ የየካቲት ፀሐይ ጋቢ ከላያቸው አይወርድም። ጥቅምት ላይ ሆስፒታል ሲተኙ፣ ወገቤን ነው በያት ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት በር ዘግተን የምንሠራው ሥራ አለን፣ ጓንትና የሚጣል ከረጢት የምገዛው በካርቶን ነው።

ስንዱ የወንበሩን ፎቶ ስታሳያቸው ስለ መተኛቱም ስለ ምግቡም አልጠየቁም። መጸዳጃው ስንት እርምጃ ነው፣ ስነሳስ ሰው አስነሳለሁ ወይ አሉ። ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም።

ከዚህ በላይ ልነግርሽ አልችልም፣ አስምለውኛል። በራሴ ቢሆን ኖሮ አፈርሰው ነበር። አባባ ግን ያውቁኛል፣ በአንቺ አስማሉኝ። እህቴ ትሙት ብዬ ምያለሁ።

ትኬቱን ግዢ። ስትቀበያቸው ጓንቱ ያለባትን ትንሿን ጥቁር ቦርሳ ባልሽ ላግዝዎ ብሎ እንዳይወስድባቸው። የሚተኙበት ክፍል ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። ለምን ብለሽም አትጠይቂያቸው።

እመብርሃን ሕፃኑን ታሳድግልሽ፣ ከአባባም ጋር በሰላም ታገናኝሽ። ዕድሜሽ ይርዘም። ይህን ለወጉ አይደለም የምልሽ፣ ምያለሁና።

ምንም ያልነገረችሽ
ታናሽ እህትሽ