ያልመረጥኩት ቀይ ጥለት

ሐሙስ
ቀይ! ሸማኔው ጋሼ ደምሴ ነጠላዬን ሲዘረጋልኝ ጥለቱ ቀይ ሆኖ አገኘሁት። እኔ ያዘዝኩት አረንጓዴ ነው። የእህቴን ልጅ ሊዲያን እሑድ የሚያገባት ስኮትላንዳዊ፣ ታርታን የሚሉትን ያገሩን ዳማ ዳማ ጨርቅ በየዓይነቱ ቁራጭ አምጥቶ፣ «የየቤተሰቡ የሚባል አለ፤ ግን ሰው የወደደውን ቢለብስ ከልካይ የለውም። እርስዎም ይምረጡ» ብሎኝ ነበር። በፀሐይም በጥላም እያየሁ መረጥኩ፦ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቀጭን ቢጫ መስመር ያለው። ጥለቱን በዚያው እንዲሠራልኝ ቁራጩን ለሸማኔው ራሴ ሰጠሁ።

«እህትዎ መጥተው ለአክስቶች ሁሉ ቀይ ይሁን አሉ» አለኝ። «የታላቅ ቃል የእርስዎም ቃል መስሎኝ፣ ቲቸር።»

በሱ አልተቆጣሁም። ነጠላውንም ቁራጩንም ተቀብዬ ከሸማ ተራ ወጣሁ።

ዓርብ
ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ዘውዴ ደወልኩ። «አንቺ ልጅ፣ አረንጓዴ ያስረጅሻል! ደግሞ ፎቶው ላይ አንድ ዓይነት ስንሆን ነው የሚያምረው።» ጡረታ ወጥቼም «አንቺ ልጅ» ነኝ። የሠርግ ቀሚሴንም የመረጠችው እሷ ናት።

ቆይ። ቀዩን እለብሰዋለሁ፤ ግን እንደ ሐዘንተኛ፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ። በልጇ ሠርግ!

ቅዳሜ
መስታወት ፊት ሞከርኩት። ቁርጥ ለቅሶ ቤት። የእትዬ ዘውዴን ፊት አሰብኩና ሳቅኩ። ከዚያ የሊዲያን ፊት አሰብኩ። አውልቄ አጠፍኩት። ልጅቷ ምን በደለችኝ?

እናቷን ግን አልተውኩም። ከምን አለሽ ተራ በኩል ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ዋለ፤ እኔም በልቤ አብሬ ስቀጠቅጥ ዋልኩ።

ለነገ፦ አሮጌው ነጭ ነጠላ። መርፌና ክር። አረንጓዴዋ ቁራጭ። ቀዩ፣ ተተኩሶ።

እሑድ
ነጩን ለብሼ፣ አረንጓዴዋን ደረቴ ላይ ሰፍቼ ገባሁ። እትዬ ዘውዴ አማቾቿ መሃል ቆማ፣ ለይምሰል እየሳቀች «ቀዩስ?» አለችኝ።

«ይኸው እትዬ። የመረጥሽው አንቺ ነሽ፤ ደርቢው» ብዬ በራሷ ቀይ ነጠላ ላይ የኔን ቀይ አለበስኳት። እንዳታወልቀው አማቾቿ «እንዴት ያምራል!» እያሉ ያዩአታል። በዚያ ሙቀት ኬኩ እስኪቆረስ ላቧ በጆሮ ግንዷ ሲወርድ አየሁ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

ሙሽራው ደረቴን አይቶ «ይህን መረጡ?» አለኝ።

«እኔው ራሴ» አልኩት።

ሰኞ
ዛሬ የመልሱ ግብዣ ነው። እትዬ ዘውዴ በጠዋት ደወለች። «ላቡ ፈጀኝ፣ አንቺ ክፉ!» አለችኝ።

«ለዛሬ ምን ልትለብሺ ነው?» አለች ቀጥላ።

ትእዛዙ እስኪከተል ጠበቅኩ። አልመጣም።

«ገና አልመረጥኩም» አልኳት።