ቁልፍ የማታውቀው ከተማ

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ የደረት ሳልህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ያስቸግርሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን።

የሐዘን ካርድህ ደርሶኛል። አሥራ አንድ ዓመት ጠፍተህ ለእናታችን ሞት የላክኸው ሁለት መስመር ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ስድብ። «ቁልፍ የማታውቀውን ከተማችሁን አይቻታለሁ» ብለሃል። ምን ለማለት እንደፈለግህ ገብቶኛል። እማዬን ግን በከንቱ አትማት።

ያ ስም ከየት እንደመጣ ልንገርህ። ከአባባ ጋር፣ ነፍሱን ይማርና፣ ተጣልተህ የወጣህ ዕለት እማዬ የፊት ለፊቱን በር ቁልፍ ወንዝ ጣለችው። በረዶ ቢወርድ፣ ነፋስ ቢያስገመግም በሩ ሳይቆለፍ ያድራል። የጋዜጣው ሰውዬ ሚስተር ፔትግሩ ምክንያቱን ሲጠይቃት፣ ልጄ ጠፍቶብኝ ነው ማለት አፈረች። «እንዴ፣ ሄዝል ፎርክ ውስጥ ማን በሩን ይቆልፋል ብለህ ነው?» አለችው። በሳምንቱ «ቁልፍ የማታውቀው ከተማ» ተብሎ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በዓመቱ የነጋዴዎች ማኅበር ከከተማው መግቢያ ላይ ሰቀለው፤ ክብሪት ላይ፣ ሳህን ላይ፣ የእሳት አደጋ መኪናው ላይ ሳይቀር ተጻፈ። በራችን አጠገብም ሰሌዳ ቸነከሩልን። ሚስተር ፔትግሩ ራሱ ግን ቤቱን ሁለቴ ነው የሚቆልፈው።

ከዚያ ጎብኚ ፈላብን። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ከሲንሲናቲ የመጡ ባልና ሚስት ወጥ ቤታችን ተቀምጠው የፖም ኬካችንን ሲበሉ አገኘናቸው። ሴትየዋ ጭራሽ «ክፍት ነው ብላችሁ የለ እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ። በማግስቱ ለእማዬ ሳልነግራት አዲስ ቁልፍ አስገጠምኩ። የምንወጣ ጊዜ ብቻ ነበር የምቆልፈው።

ባለፈው ሚያዝያ ከእማዬ ጋር ወጥተን ተመልሰን እሷን ካስገባሁ በኋላ፣ ጎረቤታችን ሚስስ ሆልጌት አጥሩን ተደግፋ ጠበቀችኝ። «አንድ ረጅም ሰውዬ መጥቶ ነበር። እጀታውን ሞከረ፣ አንዴ አንኳኳ፣ ሰሌዳውን አንብቦ ሳቀና ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ሄደ። ደግሞ ሦስተኛዋን ደረጃ የምትነክሰው ይመስል ዘለላት፤ ምን ዓይነቱ ነው!» አለችኝ። ያቺ ደረጃ የበሰበሰችው ልጆች ሳለን ነው። ከተጠገነች ዘጠኝ ዓመቷ።

እማዬ በጥቅምት ስታርፍ «በሩ ክፍት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍት ነው አልኳት። ክፍትም ነበር፤ ከእንግዲህ ማን ሊመጣ!

የበሩን መቆለፍ በጎብኚዎች አሳብቤ ልተወው ነበር፤ አልሆነልኝም። ያጠብኳትም ያጎረስኳትም እኔ ነኝ፤ ዓይኗ ግን አንድም ቀን ከበሩ ተነቅሎ እኔን አላየም። ይህ አንገብግቦኛል። ሚስስ ሆልጌት ስትነግረኝ አውቶቡሱ ሊነሳ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀርቶት ነበር። ጣቢያው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ገብቼ ድንች ላጥኩ።

አምላክ ከብርድ ይጠብቅህ፤ የምትቀየመውንም ሰው ያሳውቅህ።

በሩ ላይ የቀረችው እህትህ